ክንፋም፣ ቀንዳም፣ የውኃ ወይስ ስምንት እግር? ለመንገዳችሁ የትኛውን ፈረስ ትገዛላችሁ

የመጀመሪያው ቡድናችን አራት ክንፋም ፈረስ ገዝቶ መንገድ ጀመረ። በጨዋታው አቆጣጠር ግንቦት ማለቂያ ላይ ነበር። ሐምሌ ሳይጋመስ ሦስቱ ሞቱ፤ አራተኛው ክንፉ ሻግቶ ማገዶ ተሸካሚ ሆነ። ዘንዶ አልበላቸውም፣ ጠንቋይም አልነካቸውም። የጨረሳቸው ዝናብ ነው፤ ከዝናቡም በላይ ማታ ማታ ክንፍ የሚያደርቅላቸው ሰው ማጣታቸው።

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ፣ መንደራ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ የምንሰበሰብ ስድስት ሰዎች ነን። አንዱ ይተርካል፣ አምስቱ መንገደኛ ሆነው ይጫወታሉ፣ አከራካሪውን ነገር የሉዶ ዳይስ ይፈርዳል። ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ አንድ ወንዝ ካልተሻገርን ዕለቱ ባከነ ማለት ነው። የፈጠርነውን ዓለም «ወዲያ ማዶ» ብለነዋል። ካርታውን ስንሥል ሩቅ አልሄድንም፤ የጅማን ተራራ፣ ጫካና ረግረግ ወስደን ስሙን ብቻ ቀየርነው። ከፍታው 1,750 ሜትር ገደማ፣ ዝናቡም በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩን ያስገባው የእንስሳት ሕክምና የሚማረው ልጅ ነው፤ ሌሎቻችን «በጣም ይዘንባል» ብለን ልናልፈው ነበር።

አዲስ ተጫዋች በመጣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ የትኛውን ፈረስ ልግዛ? ወዲያው የፍጥነትና የጉልበት ነጥብ መቁጠር ይጀመራል። እኔ ተራኪ ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቡድን የሚወድቀው ፍጥነት አንሶት ሳይሆን የገዛውን መያዝ አቅቶት ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ማን ይበራል፣ ማን ይዋጋል ብዬ አይደለም። ምን ይበላል፣ ጭቃ ሲነካው ምን ይሆናል፣ ሌሊት ማን አብሮት ያድራል፣ እሱን ነው የምጠይቀው።

ከክንፉ በፊት ሆዱ

ክንፍም ይኑረው ቀንድ፣ ከሥሩ ያለው የጋማ ከብት ነው። የጋማ ከብት የራሱ ጠባይ አለውና እሱን በአስማት ላለመሻር ተስማምተናል። ይህ ስምምነት ባይኖር ኖሮ ጨዋታው በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቸን ነበር።

አንድ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 5 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። ውኃው ከ20 እስከ 40 ሊትር ይሄዳል፣ እንደ ሥራውና እንደ ሙቀቱ። ጨጓራው ለአካሉ ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲግጥ ነው የሚስማማው። ደግሞም ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የበላው ካልተስማማው ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ቁርጠት ይይዘዋል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ያያል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ያልፋል። ሲግጥ የከረመውን ከብት ከተማ ስትገቡ «ደክሞታል፣ ይጥገብ» ብላችሁ አንድ ቁና ገብስ ብትደፉለት የፍቅር ገዳይ ሆናችሁ ማለት ነው። ገብሱም ፉርሽካውም የኑግ ፋጉሎውም በእፍኝ ተጀምሮ በሳምንት ነው የሚጨመረው።

ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መስተካከል አለበት። ሸክሙ ደግሞ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመከራል። ይህን በረንዳው ላይ ስናሰላ ለ250 ኪሎ ፈረስ 50 ኪሎ ሆነ። ከመካከላችን ሁለቱ ጀግኖች ቡናቸውን እያማሰሉ ዝም አሉ።

ሕጋችን ቀላል ነው። በጨዋታው ማታ ሲመሽ ከቡድኑ አንድ ሰው «ከብቱን አየሁት» ብሎ ያደረገውን ይናገራል፦ መኖ፣ ውኃ፣ ሰኮና፣ ቁስል። ሁለት ሌሊት ከተዘለለ ዳይስ ይጣላል። አንድ ወይም ሁለት ከወጣ ከብቱ ታመመ።

ክንፋሙ

ሁሉም በመጀመሪያ የሚመርጠው ይህን ነው፤ አልፈርድም፣ እኔም መርጬዋለሁ። እንዲያውም ክንፋም ፈረስ ለእኛ የውጭ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ኢትዮጵያ ክንፍም ቀንድም ያላቸው ፈረሶች ታበቅላለች ብሎ ጽፏል። በእሱ ዘመን ኢትዮጵያ ሲባል ከግብፅ በታች ያለው ሰፊ አገር ሁሉ ነበር፤ የእኛ ቡድን ግን ጽሑፉን እንደ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው የሚያየው።

ግሪኮች ስለ ክንፋሙ ፈረስ ስለ ፔጋሰስ የሚተርኩትን ብዙ ሰው እስከ ግማሹ ነው የሚያውቀው። ጀግናው ቤለሮፎን፣ አቴና የምትባለው አምላክ በሰጠችው የወርቅ ልጓም ክንፋሙን ገራው፣ በእሱም ላይ ሆኖ ጭራቅ ገደለ። ከዚያ ጠገበና ወደ አማልክቱ መኖሪያ ሊወጣ ሲል ዜውስ አንዲት ተናካሽ ዝንብ ላከበት። ዝንቧ ፈረሱን ነደፈችው፣ ፈረሱ ደነበረ፣ ጀግናው ቁልቁል ወደቀ። መብረቅ አላስፈለገም። ለእኔ ስለ ክንፋም ፈረስ አያያዝ ከተነገረው ሁሉ ይህ ይበልጣል፦ አደጋው ዝንብ ነው።

በእኛም አገር ያው ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ ሕመም የሚተላለፈው ለዓይን በማይሞሉ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ነው። ትንኞቹ ከምሽት እስከ ንጋት ይነድፋሉ፣ ከዝናብ በኋላም ይበዛሉ። መፍትሔው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከብቱን በረት ማስገባት ነው። ተራ ፈረስ በጠባብ በረት ያድራል። ክንፋሙ ግን ክንፉን የሚዘረጋበት ስፋት ካልተሰጠው አይደርቅም፤ እርጥብ ክንፍ አጥፎ ሦስት ሌሊት ያደረ እንደሆነ በአራተኛው ሽታው ይነግራችኋል። ስለዚህ በየመንደሩ ለአንድ ከብት የሁለት ከብት ማደሪያ ትከራያላችሁ።

ክብደቱንም አስቡት። ዛሬ ከሚበርሩ ወፎች ከባዱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ፈረስን የሚያህል ነገር ሰማይ ላይ ለማቆም አጥንቱን ቀፎ ማድረግ ነበረብን፤ በዚህም ክንፋሙን 180 ኪሎ አደረግነው። አንድ አምስተኛው 36 ኪሎ ነው። ኮርቻ፣ ግላስና ልጓም ቀንሱለት። የሚቀረው ለአንድ ቀጭን መልእክተኛ ወይም ለአንድ ጆንያ ደብዳቤ እንጂ ጋሻ ጦር ለታጠቀ ሰው አይሆንም።

ኮርቻው ራሱ ጣጣ ነው። የሆድ ማሰሪያው ከክንፉ ሥር ስለሚያልፍ በእያንዳንዱ ምት ይፈትጋል። ፍትጊያ ቁስል ይሆናል። ጅማን በመሰለ ሞቃትና እርጥብ አገር ቁስል ደግሞ በራሱ አያልቅም፤ ንድፍት የሚሉት፣ ቆዳ ላይ እንደ ዶቃ ተሰካክቶ የሚያብጠውና የሚመግለው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ነው የሚገባው። ዝንብም ያጋባዋል፣ የተዋሱት የሌላ ከብት ዕቃም ያጋባዋል። የኮርቻ ውሰት በቡድናችን ክልክል የሆነው ለዚህ ነው።

የላባው ነገር ይቅር ብል ደስ ባለኝ። ወፍ ከጭራው በላይ ካለች እጢ ቅባት እየወሰደ ላባውን ይቀባል፤ ውኃ የማይገባው ለዚያ ነው። የእኛ ክንፋም ግን አንገቱ እዚያ አይደርስለትም፣ ሰው ነው የሚቀባው። አንዱ ተጫዋች «ቅቤ ምን ይለዋል?» ብሎ ቀባው። በሦስተኛው ቀን ቅቤው ገማ፣ የመንደሩ ዝንብ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ የኑግ ዘይት በስሱ፣ ቀጥሎ በረት ውስጥ ቀለል ያለ ጭስ ነው የምናደርገው፤ ጭሱ ላባውንም ያደርቃል ትንኙንም ያርቃል። በዓመት ሁለት ወር ላባ ሲጥል አይበርም፤ የሚበላው ግን ያው ነው።

እና ማን ይግዛው? ደረቅ ደጋ ላይ፣ ገደል በበዛበት አገር፣ ደብዳቤ ማድረስ ሥራው የሆነ ሁለት ሰው። ከሰኔ እስከ መስከረም በረግረግ የሚያልፍ ቡድን አይንካው። ዋጋው 300 አሞሌ መሆኑን ሳልጨምር ነው።

አንድ ቀንዱ

ይኸኛው አጭር ነው፤ ምክንያቱም አይጋለብም። ገዝተው ኮርቻ የሚፈልጉለት ሰዎች ስላሉ ነው የምናገረው።

የስሙን ያህል ክብር ያለው ከብት የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ የፋርስ ንጉሥ ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴስያስ፣ በሕንድ ነጭ አካል፣ ቀይ ራስና ሰማያዊ ዓይን ያለው ባለ አንድ ቀንድ የዱር አህያ አለ፤ ከቀንዱ በተሠራ ዋንጫ የጠጣ ሰው መርዝ አይገድለውም ብሎ ጻፈ። በስድስተኛው መቶ ዘመን ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ እንስሳውን በዓይኑ እንዳላየ፣ ነገር ግን በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የቆሙ አራት የነሐስ ምስሎቹን እንዳየ መስክሯል። በዚህ ልኩራ።

በወዲያ ማዶ የአንድ ቀንዱ ጥቅም ውኃ ነው። ቀንዱን የነከረበት ጉድጓድ ይጠራል። በረግረግ አገር ቡድኑ ሁሉ በሆድ ሕመም ሳይወድቅ አንድ ወር መሄድ ማለት ምን እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል። በምላሹ አይታሰርም፣ በረት አይገባም፣ ጭድ አይነካም። ለጋ ሣር ፍለጋ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይመለሳል፤ ሥራችሁ የቀንዱን ሥር በሞቀ ውኃ ማጠብና ሌሊት ሌባ መጠበቅ ነው። ወጪው መኖ ሳይሆን እንቅልፍ ነው።

ከገበያ አትግዙት። አውሮፓውያን ለዘመናት የዓሣ ነባሪ ዘመድ የሆነ አንድ የባሕር እንስሳ ጥርስ «የአንድ ቀንድ ቀንድ» ተብሎ በወርቅ ሲሸጥላቸው ኖሯል። በእኛም ጨዋታ ሐሙስ ገበያ ላይ አንዷ ተጫዋች ቆንጆ አምባላይ ፈረስ በ400 አሞሌ ገዛች። መንገድ ላይ ዶፍ ወረደ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ሰም ለቀቀ፣ የበሬ ቀንዱ ጭቃ ውስጥ ጠብ አለ። ፈረሱ ግን ጥሩ ፈረስ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትጋልበዋለች።

የውኃው ፈረስ

ጅማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቦዬ ወርዶ ጉማሬዎቹን ያየ፣ ጀርባቸው ከውኃው ብቅ ሲል ትንፋሻቸውን የሰማ ነው። ግሪኮች ጉማሬን «የወንዝ ፈረስ» ያሉት ለምን እንደሆነ ሲያዩት ይገባል፤ ሲቀርቡት ደግሞ ፈረስ አለመሆኑ ይገባል። ስኮትላንዶች ኬልፒ ብለው የሚተርኩለት አለ፦ ወንዝ ዳር ብቻውን የቆመ ያማረ ፈረስ፣ የነካው እጅ ቆዳው ላይ ተጣብቆ የማይላቀቅ፣ ጋላቢውን ይዞ ጥልቁ ውስጥ የሚገባ። ልጓሙን የያዘ ሰው ግን ያዝዘዋል። እኛ ከጉማሬው አኗኗሩን፣ ከኬልፒው ተንኮሉን ወሰድን። አካሉን ደግሞ ከከፋ ፈረስ፤ በአገራችን ተለይተው ከተጠኑት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ይኸው እርጥብ ጫካ የለመደው ነው።

መኖው ነጻ ነው። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሣር ግጦ ሲነጋ ይመለሳል። የውኃው ፈረስም እንዲሁ ሌሊት ይግጣል፣ የሚበላው ግን የዚያን ግማሽ ነው፤ ከእናንተ የሚፈልገው ረግረግ ብቻ። ድርቆሽ ተሸክሞ መሄድ የለም፣ በረት ኪራይ የለም። ክረምት ሲገባ ሌላው ቡድን ወንዝ ሞልቶበት ሦስት ሳምንት ዳር ላይ ሲቀመጥ የእናንተ ይዋኛል። በእኛ ካርታ ላይ ይህ ብቻውን ጨዋታ ያሸንፋል።

እንክብካቤው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሌላውን ከብት ታደርቃላችሁ፣ ይህን ታረጥባላችሁ። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መንገዳችሁ ሁሉ ከወንዝ ወንዝ ነው የሚለካው። ጠዋት ከውኃ ሲወጣ አፍንጫውንና ከምላሱ ሥር አልቅት ፈትሹ። አልቅት በእውነተኛው ዓለምም ኩሬ ጠጥቶ የተመለሰ ከብት አፍና አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ጉድ ነው። ከብቱ ካላኘከና ከአፍንጫው ደም ጠብ ካለ ሌላ በሽታ ከመፈለጋችሁ በፊት እዚያ እዩ።

አሁን ተንኮሉ። ልጓሙ ከወለቀ የእናንተ አይደለም። ሌሊት ለመጋጥ ሲለቀቅ አፉን የሚይዘው ብረት ወልቆ ለኮው ብቻ አንገቱ ላይ ይቀራል፤ ጠዋት መልሶ የሚያስገባው ያው አንድ ሰው መሆን አለበት። ሰው ሲቀያየር ዳይስ ይጣላል፤ ዳይሱ ከከፋ አንድ ጓደኛ ይቀንሳል። እንዲህ ሁለት ሰው አጥተናል። አንደኛው የተጣበቀው ጋማውን ሊያሻሽለት ሲሞክር ነው፤ ለስላሳ ሰው ነበር።

ዋጋው 90 አሞሌ። ርካሽ የሆነው ማንም ስለማይደፍረው ነው። ከቡድናችሁ አንድ ሰዓት አክባሪ፣ ቃሉን የማይዘነጋ ሰው ካለ ከአራቱ ሁሉ ይህን ውሰዱ። ከሌለ አትውሰዱት።

ስምንት እግሩ

የሰሜን አውሮፓ ተረት ኦዲን የሚባለው አምላክ የሚጋልበው ስሌፕኒር የሚባል ስምንት እግር ያለው ግራጫ ፈረስ ነበር ይላል። እናቱ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሎኪ የሚባል ወንድ አምላክ ባዝራ ሆኖ ነው የወለደው። የእኛው በቅሎ «አባትሽ ማነው?» ስትባል «ፈረስ አጎቴ ነው» ማለቷ ከዚህ ጋር ሲተያይ ግልጽ መልስ ነው።

ወረቀት ላይ ይህን የሚያህል የለም። 500 ኪሎ ነው፣ መቶ ኪሎ ይሸከማል፣ ሶምሶማው ሲኒ አያፈስም። እኔም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነበር፤ የሰፈራችንን ባለጋሪ እስከማማክር ድረስ።

ሽማግሌ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከፈረስ ጋር የኖሩ። ጠዋት ጋሪያቸውን ሳይጠምዱ ሄጄ «ጋሼ፣ ስምንት እግር ያለው ፈረስ ቢኖር እንዴት ይያዛል?» አልኳቸው። አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የዳማውን የኋላ እግር አነሡና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ሰኮናው ውስጥ የሌሊቱ ጭቃ እንደ ሊጥ ተጠቅጥቋል። በደነዘ ቢላ ከተረከዙ ወደ ፊት ጠረጉት፤ ጠጠር ወጣ፣ ጭድ ወጣ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ያለው ለስላሳው ክፍል ታየ። በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ እርጥበት ነበር። ጣታቸውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ። የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው፣ አንዴ የሸተተው አይረሳውም።

«ይሄ የሁለት ቀን ነው» አሉ። «ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ካዋልኩት ይድናል። ሳምንት ከተኛሁበት ያነክሳል። ልጄ፣ እኔ አራት እግር ነው ያለኝ፣ እሱም ሰዓት ይበላኛል። ስምንቱን ማን ሊያነሣው ነው?»

ሄጄ ሕጉን ቀየርኩት። በጭቃ ወቅት ስምንት ሰኮና ማጽዳት ሙሉ የማታ ተራ ይወስዳል፤ የሚያጸዳው ሰው ዘብ መቆም አይችልም፣ ምግብ መሥራት አይችልም። መኖው በቀን 10 ኪሎ ድርቆሽ ነው። ማስተካከያው በየሁለት ወሩ የሁለት ፈረስ ዋጋ ነው። አንድ እግሩ ሲያነክስ ሰባቱ ስለሚሸፍኑለት ሕመሙን የምታውቁት ሦስተኛው እግር ሲታመም ነው፤ ይህን ሕግ ተጫዋቾቼ ይጠሉታል፣ እኔ ግን ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በበጋ፣ በደረቅ የነጋዴ መንገድ፣ ለእንክብካቤው ብቻ የተቀጠረ ሰው ላለው ባለጠጋ ቡድን ግን አቻ የለውም። ስድስት አህያ የሚጭኑትን ባይጭንም በሦስቱ ቦታ ይገባል፣ ሽፍታ ሲመጣም ሽምጥ ጋልቦ ያመልጣል።

ያልተጠየቀች አምስተኛ

በቅሎ። ክንፍ የላት፣ ቀንድ የላት፣ የምትወልደውም የለም። ግን የድሮ መኳንንት ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ላይ ሆነው የጦር ፈረሳቸውን እያስጎተቱ ነበር፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ገደል ላይ እግሯን አታስትም፣ ጥቂት መኖ ይበቃታል፣ ያ የትንኙ በሽታ እንኳ ፈረስን እንደሚገድለው በቅሎን አይገድላትም። የወዲያ ማዶ ዋጋዋ 60 አሞሌ ነው። እስካሁን ጨዋታ ሲጀመር የመረጣት ተጫዋች የለም፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ይፈልጓታል፣ ያኔ ሻጩ 150 ይላል።

ለየትኛው ቡድን የትኛው

ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ እንክብካቤውን የሚጋራ ሰው የለም። የውኃ ፈረስ አንድ፣ በቅሎ አንድ። የውኃውን የሚይዘው ሰው በቅሎዋን አይነካም፤ ሁለቱን ያምታታል።

አምስት ስድስት ሆናችሁ ክረምት የምትጓዙ ከሆነ ሁለት የውኃ ፈረስና፣ ካገኛችሁ፣ አንድ ቀንድ ያዙ። ሁላችሁም በእግር፣ ዕቃው በበቅሎ። ጀግንነት አይመስልም፤ ግን ትደርሳላችሁ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለውን አባቶች የተናገሩት ጀግናው ጋላቢው ነው ለማለት ቢሆንም፣ እኛ ለዕቃ ግዥም እንጠቀምበታለን።

በበጋ የሚነግድ ቡድን ስምንት እግሩን ይግዛ፣ ግን ሰኔ ሳይገባ ይሽጠው። እኛ ሰፈር «ይቆይ፣ ዋጋ ይጨምራል» ብሎ የያዘው ልጅ በነሐሴ ከብቱን ከነሰኮና በሽታው በ40 አሞሌ ነው ያስረከበው።

ክንፋሙን ካልገዛሁ የሚል ሰው አይጠፋም፣ በየዓመቱ አንድ አለ። እሺ፣ አንድ ብቻ ግዙ፣ ቀላል ክብደት ያለው ሰው ይያዘው፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ለክንፉ ይመደብ። ያ ሁለተኛ ሰው እንደሚማረር አሁኑኑ ይነገረው።

ስም አወጣጥና ግዥ

ስም ሳትሰጡት መንገድ አትጀምሩ፤ ስሙም ወደ እናንተ ይተላለፋል። ይህን ከራሳችን ከተማ ነው የወሰድነው። የጅማ ነገሥታት የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር፦ አባ ጅፋር ቀዳማዊ፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ያለው። በሌላውም ወገን ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። በጨዋታችን ከብቱ ሲሞት ባለቤቱ ስሙን ያጣል፤ ሌላ እስኪገዛ «አንተ» ብቻ ነው የሚባለው። ይህ ሕግ ከገባ ወዲህ ሰኮና ማጽዳት የሚረሳ ሰው በጣም ቀንሷል። ሴት ተጫዋቾቻችን «አባ» አንባልም ብለው በኦሮምኛ «ሃዻ» አሰኝተዋል፤ ያቺ የሐሰት ቀንድ የገዛችው አሁን ሃዻ ሰም ነች።

ገበያ ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከብቱ ሳይታጠብና ሳይቀባ። ውኃ ስጡትና ሲጠጣ እዩት፤ ታሞ የሚጠጣና ጤነኛ ሆኖ የሚጠጣ አንድ አይደለም። ፋንድያ እስኪጥል ጠብቁ፣ ሻጩ ቢቸኩልም። ጥርሱን ሳይሆን መጀመሪያ ጀርባውን ግለጡ፣ ከግላሱ ሥር ነጫጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ የድሮ የኮርቻ ቁስል ነው። ክንፍ ካለው ክንፉን ዘርግታችሁ ከሥሩ አሽቱ። ቀንድ ካለው ውኃ አፍስሱበት። የውኃ ፈረስ ከሆነ ልጓሙን ከሻጩ እጅ በእጃችሁ ተቀበሉ እንጂ መሬት ከተቀመጠበት አታንሱ። በመጨረሻ እግሩን አንድ በአንድ አንሡ፣ ስምንትም ቢሆን። ሻጩ «የኋላ ግራውን ማንሣት አይወድም» ካለ አሞሌያችሁን ጠቅልላችሁ ወደ በቅሎዎቹ ተራ ሂዱ።